የኡጋንዳ አሳማ ድርሻ እውነት አድጓል? ከካምፓላ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ካምፓላ ካንሳንጋ አካባቢ ከሚኖሩ ወገናችን ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ማታ ማታ መንገዱ ሁሉ የአሳማ ጥብስ ነው። አከራዬ አዛውንት ናቸው። እሳቸው ልጅ ሳሉ በሰፈራቸው አሳማ የሚያረባ በጣት የሚቆጠር ነበር። ዛሬ ግን ከሁለት ቤት በአንዱ ጓሮ አለ ይሉኛል። እውነት አሳማ ከአገሩ እንስሳት ያለው ድርሻ ይህን ያህል አድጓል? ወይስ የከተማ ወሬ ነው? ካደገስ ለምን? በዚሁ ይቀጥላል? የምጠይቀው አንድ ጓደኛዬ በጋራ ገንዘብ እናስገባበት ስላለኝ ነው።»

አጭሩ መልስ አዎ ነው። አድጓል፣ ያውም በጣም። ነገር ግን ድርሻው በምን እንደተለካ ካላወቅን ቁጥሩ ያሳስታል፤ በተለይ ገንዘብ ሊያወጣ ያሰበን ሰው። ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምመልሰው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1980ዎቹ አካባቢ በኡጋንዳ የነበረው አሳማ 190 ሺህ ገደማ ተብሎ ነው የሚጠቀሰው። በ2008 አገሪቱ ሙሉ የእንስሳት ቆጠራ ስታካሂድ 3.2 ሚሊዮን ተገኘ። በ2021 ቆጠራ ደግሞ 7.1 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ከብት ከ11.4 ወደ 14.5 ሚሊዮን፣ ፍየል ከ12.5 ወደ 17.4 ሚሊዮን፣ በግ ከ3.4 ወደ 4.4 ሚሊዮን ነው ያደጉት። ከብቱ በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ከሩብ ትንሽ ከፍ ያለ ጭማሪ ሲያሳይ አሳማው ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ከሰው ብዛት ጋር ሲያዩት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በ1980 የሕዝብ ቆጠራ ኡጋንዳ 12.6 ሚሊዮን ሰው ነበራት። በዚያ ዘመን አንድ አሳማ ለስልሳ ምናምን ሰው ነበር ማለት ነው። በ2008 ለዘጠኝና ለአሥር ሰው አንድ ሆነ። በ2021 ለስድስት ሰው አንድ። ከብት በአንጻሩ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ እየቀነሰ ነው የመጣው። ላሙ፣ በሬው ይጨምራል፤ ሰው ግን ከእሱ በበለጠ ፍጥነት ይጨምራል።

አከራይዎ «ከሁለት ቤት በአንዱ» ያሉት በአገር ደረጃ ተጋኗል። በ2008 ቆጠራ አሳማ ያለው ቤተሰብ ከመቶ 18 ገደማ ነበር፤ በቁጥር 1.1 ሚሊዮን ቤተሰብ። ይሁን እንጂ ሰውየው የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ሰፈር ነው። የማዕከላዊ ክልል ሰው ከሆኑ ብዙም ላይሳሳቱ ይችላሉ። ያኔ ከአገሪቱ አሳማ 41 ከመቶ ያህሉ በዚሁ ክልል ነበር። ካራሞጃ ሄደው ቢጠይቁ መልሱ ሌላ ነው፤ እዚያ ሕይወቱ ከከብት ጋር ነው። ዩምቤን የመሰለ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም የሆነበት ወረዳም እንደዚሁ። ስለዚህ «የኡጋንዳ ድርሻ» የሚባለው ቁጥር በጣም የሚለያዩ አካባቢዎች አማካይ ነው።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። የ190 ሺህዋን ቁጥር እኔ በሙሉ ልቤ አላምናትም። ያ ዘመን ከኢዲ አሚን ውድቀት በኋላ አገሩ ገና ያልተረጋጋበት፣ ጦርነት ላይ ጦርነት የተደራረበበት ነበር። እንስሳ የሚቆጥር መንግሥት ይቅርና ደሞዝ የሚከፍልም በቅጡ አልነበረም። አሳማ ደግሞ በባሕርዩ ለቆጠራ አይመችም። ከብት መስክ ላይ ይታያል። አሳማ ከሙዝ ተክል ሥር፣ በገመድ እግሩ ታስሮ፣ ከኩሽና ጀርባ ነው። ስለዚህ «አሥራ ሰባት እጥፍ አደገ» የሚለውን በሙሉ እድገት አድርገው አይውሰዱት። ከፊሉ እድገት ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ዘግይቶ መቁጠር።

ሌላም ወጥመድ አለ። ከ2008 በፊት ይወጡ የነበሩት ዓመታዊ ግምቶች ቆጠራው ካገኘው ብዙ ያንሱ ነበር፤ የከብቱም የአሳማውም። በ2008ና በ2021 መካከል በየዓመቱ የታተሙትም ቁጥሮች የቀደመውን ቆጠራ መነሻ አድርገው በስሌት የተገፉ ናቸው እንጂ ማንም ጓሮ ገብቶ አልቆጠረም። ይህን ያላወቀ ሰው መስመሩን በኮምፒውተር ሲስል ሁለት ትልልቅ ዝላዮች ያያል። «በዚህ ዓመት አሳማ ፈነዳ» ብሎ ይጽፋል። የፈነዳው አሳማው ሳይሆን ግምቱ ነው። የረጅም ጊዜ አዝማሚያ ሲያዩ ሁለቱን ቆጠራዎች ይያዙ፣ የመካከሉን ይርሱት።

ቀጥሎ የድርሻው ስሌት። ከብት፣ ፍየል፣ በግና አሳማን ብቻ ይዘን በነፍስ ብንቆጥር አሳማ በ2008 ከመቶ 10.5 ነበር። በ2021 ከመቶ 16 አለፈ። ግን አንድ አሳማና አንድ በሬ እኩል አንድ ተብለው መቆጠራቸው ለእኛ ለባለሙያዎቹ አይዋጥልንም። ስለዚህ 250 ኪሎ የሚመዝን እንስሳን አንድ ብለን ሌላውን በእሱ እንመነዝራለን። በአፍሪካ በተለመደው ስሌት ከብት 0.7፣ አሳማ 0.2፣ በግና ፍየል 0.1፣ ዶሮ 0.01 ይይዛሉ። በዚህ ከተሰላ፣ ዶሮም ተጨምሮ፣ የኡጋንዳ አሳማ ድርሻ በ2008 ከመቶ 6 ገደማ፣ በ2021 ደግሞ ከመቶ 10 ገደማ ነው። አቅጣጫው ያው ነው፤ መጠኑ ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። አንዱ «አሥር ከመቶ ብቻ» ሲል ሌላው «ከአሥራ ስድስት በላይ» ሲል ከሰሙ ሁለቱም ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው።

እኔ ግን ሁለቱም መለኪያዎች አሳማን ይበድሉታል ባይ ነኝ። ምክንያቱም ሁለቱም የሚቆጥሩት በቆጠራው ቀን የቆመውን እንስሳ ነው። የአንድን ሱቅ ንግድ መደርደሪያ ላይ ባለው ዕቃ ብቻ እንደመገመት ነው፤ በዓመት ስንት ጊዜ እንደተሸጠና እንደተተካ ሳይጠየቅ። ላም ዘጠኝ ወር አርግዛ አንድ ጥጃ ትወልዳለች። ጥጃው ለቄራ እስኪደርስ በገበሬ ቤት ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። እናት አሳማ የምታረግዘው 114 ቀን ነው። ገበሬ ጓሮም ውስጥ ሰባት ስምንት ግልገል በአንዴ ትጥላለች፤ ደህና ከተያዘች በዓመት ሁለቴ ልትወልድ ትችላለች። ግልገሉም ዓመት ሳይሞላው ይታረዳል።

ለማሳያ ያህል አንድ ስሌት እንሥራ። መቶ ከብት ያለው መንደር በዓመት አሥራ አንዱን ለእርድ ይሸጣል እንበል፤ በአፍሪካ ባህላዊ እርባታ የተለመደው ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንዱ 130 ኪሎ ሥጋ ቢወጣው ጠቅላላው 1,430 ኪሎ ነው። መቶ አሳማ ያለው መንደር ደግሞ በዓመት ዘጠናውን ቢሸጥ፣ አንዱ 50 ኪሎ ቢወጣው 4,500 ኪሎ። በቅድሙ የመመንዘሪያ ስሌት ከብቱ 70፣ አሳማው 20 ነው። ሥጋው ላይ ግን አሳማው ከሦስት እጥፍ በላይ ሄደ። ካንሳንጋ ላይ የሚያዩት ጭስ በቆጠራው ሰነድ ላይ ካለው ድርሻ የበለጠ የሚመስልዎት በዚህ ምክንያት ነው። የዓይንዎ ስህተት አይደለም። በ2011 አንድ ኡጋንዳዊ በዓመት በአማካይ 3.4 ኪሎ የአሳማ ሥጋ ይበላ ነበር፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛው።

(ለፍትሕ ያህል፦ ከብት ወተትም ይሰጣል፣ ፍግም፣ ጉልበትም። ሥጋ ብቻ መዝኖ ላምን ማጣጣል አይገባም። በከብቱ የሚታወቀው የምዕራብ ኡጋንዳው የአንኮሌ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያነበው ይጣላኛል።)

እንግዲህ ለምን አደገ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ሃይማኖትን ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ሙስሊሙ ከመቶ 14 ገደማ ነው፤ አብዛኛው ካቶሊክና አንግሊካን ነው፤ እነሱ ደግሞ የአሳማ ሥጋ አይከለክሉም። እኛ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ከማይበላበት አገር ስለመጣን ነገሩ ሁሉ በዚህ የሚያልቅ ይመስለናል። አያልቅም። ኬንያን ይመልከቱ። እዚያም አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን ነው። ግን በ2009 ቆጠራ ኬንያ የነበራት አሳማ 335 ሺህ ገደማ ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ 38.6 ሚሊዮን። ለመቶ አሥራ አምስት ሰው አንድ አሳማ ማለት ነው። ድንበር የሚጋሩ ሁለት አገሮች፣ ተመሳሳይ ሃይማኖት፣ ፈጽሞ የተለያየ ቁጥር። ሃይማኖት በሩን ይከፍታል ወይም ይዘጋል። በተከፈተው በር ማን እንደሚገባ ግን ሌላ ነገር ይወስነዋል።

በኔ ግምት ዋናው ልዩነት ወተት ነው። የኬንያ ደጋ ትንሽ ገበሬ ከነፃነት ወዲህ የወተት ላም ይዟል። ዕለታዊ ገንዘቡን ከወተት ያገኛል፣ ጓሮውም መኖውም ለላሚቱ ነው። የአሳማ ሥጋውም በአብዛኛው በፋብሪካ በኩል አልፎ ወደ ሱፐርማርኬትና ሆቴል የሚሄድ ነው፤ መንደር ለመንደር የሚጠበስ አይደለም። በኡጋንዳ ማዕከላዊ ክልል፣ በቡጋንዳ ገጠር፣ ያ የወተት ላም ቦታ ባዶ ነበር። ዋናው ገንዘብ ቡና ነበር።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ያ ቡና ተመታ። የቡና አድርቅ በሽታ ገብቶ የአገሪቱን የሮቡስታ ቡና ተክል ግማሽ ያህል አጠፋ። ሮቡስታው በብዛት ያለው አሳማው በበዛበት በማዕከላዊው ክልል ዙሪያ መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ቡናው የደረቀበት ገበሬ ቶሎ ገንዘብ የሚሆን ነገር ይፈልጋል። ከብት እንዳይገዛ ውድ ነው፤ መሬቱም ለልጆች ተከፋፍሎ ጠቧል። አንዲት ግልገል አሳማ ግን በትንሽ ብር ትገዛለች። መስክ አትፈልግም። የስኳር ድንች ሐረግ፣ የካሳቫ ልጣጭ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቤት ውስጥ ጠላ አተላ ትበላለች።

በሰሜንና በምሥራቅ ምክንያቱ ሌላ ነው። ቴሶ በ1980ዎቹ ማብቂያ በከብት ዝርፊያና በአመፅ መንጋዋን ያጣች አካባቢ ናት። አቾሊም ከሃያ ዓመት ባላነሰ ጦርነት ውስጥ ከብቱ አልቆ ሕዝቡ መጠለያ ካምፕ ገባ። ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ ከብት ይዞ ለመጀመር አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ከትንንሾቹ ጀመረ፤ ከዶሮ፣ ከፍየል፣ ከአሳማ። የመንግሥትና የረድኤት ፕሮግራሞችም ግልገል ያከፋፍሉ ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ነገር ልብ ይበሉ፦ ድርሻ የሚያድገው አንዱ ሲጨምር ብቻ አይደለም። ሌላው ሲወድቅም ያድጋል። በቴሶ የአሳማ ድርሻ መጀመሪያ ከፍ ያለው ከብቱ ስለሄደ ነው። ያንን እንደ ልማት ዜና ማውራት አይገባም።

ከሁሉም በላይ ግን ገበሬው ራሱ የሚነግርዎት ምክንያት የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። የኡጋንዳ ትምህርት በዓመት ሦስት ጊዜ ይከፈታል፤ ሦስት ጊዜ ይከፈላል። አሳማ ለዚህ የጊዜ ልክ ይስማማል። ብዙ ቤት አሳማዋ የሴትየዋ ናት። ከብት ሲሸጥ የባል ውሳኔ ነው፤ አሳማ ሲሸጥ ግን እናት ብዙ ጊዜ ራሷ ትወስናለች። ችግሩ ሁሉም በአንድ ሰሞን መሸጡ ነው። ክፍያ ሲደርስ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ ደላላው በዓይኑ ገምቶ «ይህቺ ሠላሳ ኪሎ ናት» ይላል፣ ሚዛን የለም፣ ተከራካሪም የለም። ለፋሲካና ለገና ደግሞ ዋጋው ይሰቀላል። ያኔ አሳማ የቀረው ገበሬ ጥቂት ነው።

የከተማው ፍላጎትም አለ። የአሳማ ጥብስ ቤት ለመክፈት ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። ከሰል፣ መጥበሻ፣ ካሳቫ፣ ቢራ። ሥጋው በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል። ለሠርግና ለስብሰባ ቀርቶ ለአዘቦት ማታ ሆኗል። ብዙው እርድ የሚካሄደው በየጓሮው ነው፤ ደህና የሚባለው የአሳማ ቄራ ካምፓላ ናሉኮሎንጎ የሚገኘው ዋምቢዚ ነው። ሰው ከጠየቀዎት በደንብ የበሰለ ይብላ ይበሉት። የአሳማ ኮሶ እኛ ከጥሬ የበሬ ሥጋ እንደምናውቀው ቀላል አይደለም። የኮሶው እንቁላል ሰው ሆድ ከገባ ከእሱ የሚፈለፈለው እጭ አንጎል ድረስ ሄዶ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። በገመድ ታስሮ አልፎ አልፎ የሚለቀቅ አሳማና መጸዳጃ የሌለው ጓሮ ሲገናኙ ነው ይህ ዑደት የሚኖረው።

ወደ ፊቱ ስንመጣ አንድ ነገር ከሁሉም ይበልጣል፤ የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት። በሽታውን መጀመሪያ በጽሑፍ የገለጸው ሞንትጎመሪ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ነው፣ በ1921፣ ኬንያ ውስጥ የሰፋሪ ነጮች አሳማዎች ካለቁ በኋላ። ከርከሮና በጉድጓዱ የምትኖረው መዥገር ቫይረሱን ይዘውት ይኖራሉ፤ ከርከሮው አይታመምም። የቤት አሳማ ግን ሲይዘው በብዛት ይሞታል፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት ጊዜ ውስጥ። ሰው ላይ አይተላለፍም። መድኃኒት የለውም። ቬትናም ክትባት ፈቅዳ መጠቀም ጀምራለች፤ የተሠራው ግን እስያና አውሮፓ ላለው የቫይረስ ዓይነት ነው። ኡጋንዳ ውስጥ የሚዞረው ከዚያ የተለየ ዓይነት ነው። ስለዚህ «ክትባት መጥቷል» ያለ ነጋዴ ካገኙ ቦርሳዎን ይዝጉ።

ይህ በሽታ የድርሻውን መስመር እንዴት እንደሚያደርገው ላስረዳ። አንድ መንደር ይገባል። አንዱ ቤት አሳማው ማንቀላፋት ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ ሳይታመምበት ለመሸጥ ይሯሯጣል። ደላላው በርካሽ ይገዛል። የታመመው ከጤነኛው ጋር በአንድ መኪና ይጫናል። በሽታው በዚያው መኪና ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። ከወራት በኋላ ጓሮው ባዶ ነው። ግን ግልገል ርካሽ ስለሆነና የትምህርት ክፍያ ስለማይቆም በዓመት በዓመት ተኩል ውስጥ ሰዉ መልሶ ይገዛል። ቆጠራው በየአሥራ ምናምን ዓመቱ ስለሚካሄድ ይህንን መውደቅና መነሳት አያየውም። ወረቀት ላይ ለስላሳ ሽቅብ መስመር ይታያል። መሬት ላይ ግን ያው ቤተሰብ ሦስት ጊዜ ከዜሮ ጀምሯል። ይህንን ከገበሬ አፍ እንጂ ከሠንጠረዥ አያገኙትም።

በትልልቅ አገሮችም ያው ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ቶሎ ስለሚቆጥሩ መውደቁ ይታያል። በሽታው በነሐሴ 2018 ቻይና ሼንያንግ ከተማ ሲገኝ የዓለም ግማሽ ያህል አሳማ እዚያ ነበር። በዓመት ውስጥ መንጋው በአርባ ከመቶ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ ያገገመው ግን የጓሮው ገበሬ አይደለም፤ ለአሳማ እርባታ ፎቅ የሠሩት ኩባንያዎች ናቸው።

በዚሁ ይቀጥላል ወይ ላሉት፣ መቶ ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ማየት የሚቻልበት አገር ዴንማርክ ነው። በ1870ዎቹና 80ዎቹ ርካሽ የአሜሪካና የሩስያ ስንዴ አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ የዴንማርክ ገበሬ እህል መሸጥ አላዋጣው አለ። ወደ ወተት ዞረ። በ1882 ዬዲንግ በምትባል መንደር የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ቅቤ ማምረቻ ተከፈተ። ቅቤው ሲወጣ የሚቀረው አሬራ ለአሳማ ሆነ። በ1887 ጀርመን የዴንማርክን የቁም አሳማ አላስገባም አለች። በዚያው ዓመት ሆርሰንስ ከተማ የገበሬዎች የኅብረት ቄራ ተቋቋመና ሥጋው ለእንግሊዝ ቁርስ ይጫን ጀመር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የነበረው አሳማ በ1914 ሁለት ሚሊዮን ተኩል ገባ። ያኔ ከከብቱ ጋር እኩል ለእኩል ነበር። ዛሬ ከብቱ ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል ወርዷል፤ አሳማው ግን ከአሥራ አንድ ሚሊዮን በላይ ነው፣ ለስድስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ።

እኔን ከዚህ የሚገርመኝ ድርሻው አይደለም። አሳማ የሚያረባው ቤት ነው። በአንድ ወቅት ከመቶ ሺህ በላይ የነበሩት ዛሬ ሦስት ሺህ አካባቢ ናቸው። አሳማው እየበዛ ገበሬው ጠፋ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ መንጋውም መቀነስ ጀምሯል። በጀርመን ድንበር 70 ኪሎ ሜትር አጥር እስከ ማጠር የደረሱት የዱር አሳማ በሽታውን እንዳያመጣባቸው ነው። ኡጋንዳ የዴንማርክን መንገድ ትደግማለች አልልም። አሬራም የላትም፣ የእንግሊዝ ገበያም። ግን ድርሻው ቢያድግ እንኳ የሚጠቀመው የዛሬው ባለ ጓሮ መሆኑ የተጻፈ ነገር አይደለም።

የኡጋንዳው እድገት ጣሪያው የት ነው? መኖ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ። ሁለት ሦስት አሳማ በልጣጭና በሐረግ ይያዛል። ሃያ አሳማ አይያዝም። የበቆሎ ፉሩሽካ፣ ፋጉሎ፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው ሙኬኔ የሚባለው ትንሹ ዓሣ መግዛት ይጀመራል። እነዚህን ደግሞ ዶሮ አርቢውም ይፈልጋቸዋል፣ ዓሣውን ሰውም ይበላዋል። በቆሎ በተወደደበት ዓመት መካከለኛው አርቢ ነው የሚሰበረው፤ ትንሹ ልጣጭ አለው፣ ትልቁ አስቀድሞ ገዝቶ አከማችቷል። ስለዚህ ድርሻው በቀጣዩ ቆጠራም እንደሚያድግ ብጠብቅም እንደ ባለፈው ከእጥፍ በላይ ይሆናል ብዬ አልወራረድም።

ብዙ አንባቢ «የኛ አገርስ?» ማለቱ ስለማይቀር በሁለት መስመር ልለፈው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከብት 70 ሚሊዮን ገደማ በሚባልበት፣ አሳማ በአብዛኛው በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ጥቂት እርባታዎች የተወሰነ ነው፤ ገዢውም ሆቴልና የውጭ ዜጋ ነው። ድርሻው ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ያም ሆኖ በሽታው አልማረንም፦ ከ2011 ጀምሮ ከአገራችን አሳማዎች በተወሰደ ናሙና ሌላ ቦታ ያልታየ አዲስ የቫይረስ ዓይነት ተገኝቷል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ድርሻው ማደጉ ብቻውን ገንዘብ ለማስገባት ምክንያት አይሆንም። ብዙ ሰው ስለገባበት ያደገ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ያለበት ደግሞ ዋጋው በሰሞን ይወድቃል። ገንዘብ የሚያስገቡት ባልና ሚስት እንደሚያረቡት ሁለት ሦስት አሳማ ላይ ስላልሆነ ሂሳብዎም የእነሱ ሂሳብ አይደለም። ከወጪው ከግማሽ በላይ መኖ ይሆናል። ጓደኛዎ የመኖ ዋጋ የወሰደው ከአዝመራ ሰሞን ከሆነ በረሃቡ ሰሞን ያለውንም አምጣ ይበሉት። ካምቦሮ ወይም ላርጅ ኋይት የሚባሉት ዘሮች በስድስት ወር ይደርሳሉ የሚልዎት ካለ፣ ያ በሙሉ ቀለብ ነው፤ በልጣጭ አይደለም።

ቦታውን ራስዎ ሄደው ይዩ። ዙሪያው ባለ ጓሮ አሳማ የሞላበት መንደር ውስጥ ከሆነ በሽታው ሲመጣ አጥርዎ አያድንዎትም። በሩ ላይ የጫማ መንከሪያ አለ ወይ? ሠራተኞቹ ቤታቸው አሳማ ያረባሉ ወይ? ደላላ መኪናውን እስከ ግቢው ውስጥ ያስገባል ወይ? የሆቴል ትርፍራፊ ሳይቀቀል ይሰጣል ወይ? ትርፍራፊው ርካሽ መኖ ነው፤ ከታመመ አሳማ የመጣ ቁራጭ ሥጋ ግን ከእሱ ጋር ይገባል። ከአራቱ በአንዱ እንኳ መልሱ ካልጣመዎት ይቆዩ።

ከዚያ ጓደኛዎ የሠራውን የሂሳብ ወረቀት ይቀበሉና አንድ መስመር ይፈልጉ፦ በአምስት ዓመት ውስጥ አንዴ መንጋው በሙሉ ቢያልቅ፣ ግቢው ለወራት ባዶ ቢቀመጥ፣ ግልገል እንደገና ቢገዛ ብሎ የመደበው ገንዘብ አለ? ከሌለ ወረቀቱን ይመልሱለት፤ እንደገና ይሥራው።